ከማሽኑ የሚበልጥ ጣውላ እንዴት ይያዛል?

ትንሽ ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ማሽን) ያለው ሰው ይዋል ይደር እንጂ ማሽኑ ላይ የማይበቃ ጣውላ ይገጥመዋል፣ ያኔ ደሞ ብዙ ሰው ወዲያው ክላምፕ (ጣውላውን አጥብቆ የሚይዝ ማሰሪያ) መጨመር ነው የሚያስበው። እኔ በዚ ላይ አቋሜ ግልፅ ነው፣ ረጅም ጣውላ የሚያስቸግረው ክላምፕ አንሶት ሳይሆን ከማሽኑ ውጪ የተንጠለጠለው ክፍል የሚያርፍበት ስለሌለው ነው። እሱን መጀመሪያ ደግፉት፣ መያዙ ከዛ በኋላ ቀላል ነው።

3018 የሚባለውን ትንሽ ማሽን እንውሰድ፣ የስራ ቦታው 30 በ18 ሳንቲም ነው። 90 ሳንቲም ርዝመት፣ 25 ሳንቲም ስፋት ያለው ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀ ጣውላ) ብትጭኑበት ወደ 3 ኪሎ ይመዝናል። 3 ኪሎ ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ ግን አብዛኛው ወደ አንድ ወገን ወጥቶ ስለሚንጠለጠል ጠረጴዛውን በዛ በኩል ወደ ታች ይጫነዋል፣ በሌላው በኩል ያነሳዋል፣ ስለዚ ፊደል ስትቀርፁ አንዱ ጫፍ ጠልቆ ሌላው ተጭሮ ብቻ ይቀራል። በዛ ላይ የዚ ማሽን ጠረጴዛ ራሱ ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ስቴፐር ሞተሩ (በትንንሽ እርምጃ የሚዞረው ሞተር) ያን ሁሉ እየጎተተ አንድ እርምጃ ቢዘል ማሽኑ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ልክ ነኝ ብሎ ይቀጥላል።

ድጋፉ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ቁመት ይኑረው፣ ረጅም ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከጠረጴዛው ወደ ድጋፉ አጋድሙና ከስሩ ብርሃን ካለፈ አስተካክሉት። ከፍ ማለቱም እንደ ዝቅ ማለቱ መጥፎ ነው፣ ጣውላውን ከጠረጴዛው ያስነሳዋል። ጠረጴዛው የሚሄድ ከሆነ የድጋፉ ገፅ ለስላሳ ሆኖ ጣውላውን የሚያንሸራትት መሆን አለበት፣ ሮለር ቢሆንማ በጣም ጥሩ።

ቀጥሎ አቅጣጫ ነው፣ ጣውላውን እየገፋችሁ በክፍል በክፍል ስትቆርጡ 0.1 ዲግሪ ብቻ ቢጣመም በ30 ሳንቲም ላይ ግማሽ ሚሊ ያመጣል፣ ግማሽ ሚሊ ደሞ በአይን ይታያል። እኔ በጣም የምወደው መላ ማሽኑ ራሱ መስመሩን እንዲሰራው ማድረግ ነው። አንድ የኤምዲኤፍ ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ በብሎን ታስሩና ፑንታውን (መቁረጫውን) በዋይ ብቻ፣ ማለትም ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ፣ እያስኬዳችሁ ጎኑን ትልጡታላችሁ፣ የሚወጣው ጠርዝ ያለምንም ስኳድራ ከማሽኑ ጉዞ ጋር ትይዩ ነው፣ ጣውላችሁን እሱ ላይ አስደግፋችሁ ትገፋላችሁ። የጣውላው ጠርዝ ግን እሱም ቀጥ ያለ መሆን አለበት።

ምን ያህል እንደሚገፋ ለማወቅ በሜትር አትለኩ፣ በፒን ስሩ። ከጣውላው ስር ጠረጴዛው ላይ በምታነጥፉት ኤምዲኤፍ ላይ፣ ዋይ 10 ሚሊ ላይ ማሽኑ 6 ሚሊ ቀዳዳ ያውጣ፣ እዛ ፒን ይቆማል። የመጀመሪያውን ክፍል (ፒኑ ሳይገባ) ስትጨርሱ በዛው ኤክስ (የግራና ቀኝ ልክ)፣ ተቆርጦ በሚጣለው የጣውላው ዳር በኩል፣ ዋይ 160 ሚሊ ላይ ሌላ 6 ሚሊ ቀዳዳ ያውጣ። ክላምፑን ፈታችሁ ጣውላውን ስትስቡት ቀዳዳው ፒኑ ላይ ሲገባ በትክክል 150 ሚሊ ሄዷል ማለት ነው። በየክፍሉ እንደዛ ነው። 6 ሚሊ ፑንታ ባይኖራችሁ በ3.175 ሚሊው ፑንታ እያዞራችሁ ማስፋት ይቻላል። መገናኛው ላይ መስመር እንዳይቀር ክፍሎቹ 1 ሚሊ ያህል ይደራረቡ፣ ማሽኑን በመሀል አታጥፉት፣ የኤክስና የዋይ ዜሮም (መነሻ ነጥቡ) አይነካ፣ የዜድን (የከፍታውን) ዜሮ ግን በየክፍሉ እንደገና ውሰዱ ምክንያቱም ጣውላ በሙሉ ርዝመቱ አንድ አይነት ውፍረት የለውም።

ክላምፕ ላይ ብዙ አልልም፣ የኋላ እግሩ ከጣውላው ትንሽ ከፍ ይበል፣ ብሎኑ ወደ ጣውላው ይጠጋ፣ ዳዶው ደሞ የስፒንድሉ (ፑንታውን የሚያዞረው ሞተር) መንገድ ላይ እንዳይቆም። የጣውላው መሀል ከተነሳ በጣውላው ስርና ከስሩ ባለው ኤምዲኤፍ ላይ ማስኪንግ ቴፕ ለጥፋችሁ በቴፖቹ መሀል ሱፐር ግሉ አድርጉ፣ በደንብ ይይዛል፣ ሲላቀቅም ጣውላውን አይጎዳም። ሰጋቱራውን ወደ ላይ የሚያወጣ ፑንታ ጣውላውንም አብሮ ወደ ላይ ይስበዋል፣ ስስ ነገር ላይ ወደ ታች የሚጫነውን እመርጣለሁ፣ ሰጋቱራው ቦዩ ውስጥ ስለሚቀር ግን ቫክዩሙን አጠገቡ ያዙ።

ማሽናችሁ ጠረጴዛው ሳይሆን ጋንትሪው (ስፒንድሉን የተሸከመው ድልድይ) የሚሄድ ከሆነና ከስር መክፈት ከተቻለ ደሞ ጣውላውን ወደ ማሽኑ ማምጣቱ ይቅርና ማሽኑን ጣውላው ላይ አስቀምጡት፣ ፍሬሙን በክላምፕ ከጣውላው ጋር እሰሩ፣ የድጋፍ ጣጣው እዛው ያልቃል።