ካርዱ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ለምን ይሞታል?

የፋብሪካው የሚዛን ኮምፒውተር በየጊዜው ድርቅ ይላል። ማውዝ የለ፣ ኪቦርድ የለ። የኦፕሬተሩ መድኃኒት አንድ ነው፤ አጥፍቶ ማብራት።

በሊነክስ ስርዓተ ክወና ነው የሚሠራው። የሚዛኑን ንባብ የሚቀበለው ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው የኮምፒውተሩ የውስጥ ማስገቢያ ላይ የተሰካ ካርድ ሲሆን፣ ካርዱን ከሊነክስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩም የመጣው ከካርዱ አምራች ነው። አምራቾቹን ስንጠይቅ «ድራይቨሩ ደህና ነው፣ ካርዳችሁን አስመርምሩ» አሉን። ግማሹ እውነት ነበር። ክፍሉ በማሽን ስለሚንቀጠቀጥ ካርዱ ከማስገቢያው ላላ ይልና ከኮምፒውተሩ ዕይታ ይጠፋል። ግን ካርድ ጠፋ ተብሎ ኮምፒውተር ይሞታል እንዴ?

ኮምፒውተሩ የሚጽፈውን መዝገብ፣ ሎጉን፣ በሲሪያል ገመድ ላፕቶፕ ላይ አስቀረነው። ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) አንድ ኮር፣ ማለትም አንዱ የፕሮሰሰሩ አንጎል፣ ለ22 ሰከንድ እንደተጣበቀ ይጮሃል፤ ሶፍት ሎክአፕ የሚባለው ነው። የተጣበቀው ድራይቨሩ ውስጥ ነበር። ኮዱ ስፒንሎክ (አንዱ ኮር ሲይዘው ሌላው እየተሽከረከረ የሚጠብቀው ቁልፍ) ይዞ፣ «ሥራ ላይ ነኝ» የሚለው የካርዱ ቢት 0 እስኪሆን ይሽከረከራል። የጊዜ ገደብ የለውም። ሌሎቹ ኮሮች ያንኑ ሎክ ሲጠብቁ ተራ በተራ ይቆማሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ባለ ተራ ኮምፒውተር የጠፋ ካርድ ሲነበብ የሚመለሰው ባዶ አይደለም፤ ሁሉም ቢት 1 ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ የሌለው ካርድ ለዘላለም «ሥራ ላይ ነኝ» ይላል።

ከሥር ደግሞ የባሰ አገኘን። ድራይቨሩ ስንት ባይት እንደሚቀዳ የሚጠይቀው ካርዱን ነው። ቢቶቹ ሁሉ 1 ከሆኑ መልሱ 4,294,967,295 ነው። የሚቀዳበት ማስቀመጫ ግን 4,096 ባይት ብቻ! «ይሄ ድራይቨሩን የጻፈው ሰውዬ ካርዱን እንደ ንስሐ አባቱ ነው ያመነው» አለ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ።

ለመጠበቂያው ገደብ አበጀንለት። ሁሉም ቢት 1 ሆኖ ሲመጣ ድራይቨሩ ካርዱን «የለም» ብሎ ይመዘግባል፣ ሎኩን ይለቃል፣ ለፕሮግራሙ ስህተት ይመልሳል። የባይቱም ቁጥር ከማስቀመጫው ጋር ሳይነጻጸር አይታለፍም። ካርዱንም በብሎን አሰርነው፤ እሱ እንኳ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ካርዱ ሲጠፋ የሚቆመው ሚዛኑ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ምን እንደሆነ ይናገራል።

ማስተካከያውን ለአምራቾቹ ላክንላቸው። የጊዜ ገደቡን ወሰዱት። የባይት ቁጥሩን ማጣሪያ ግን «ካርዳችን ከ512 ባይት በላይ አይልክም» ብለው መለሱልን። እኛ የራሳችንን ቅጂ ይዘን ቀጥለናል።