ጽዋ ሲዞር ትሸሽ ስለነበረችው እህታችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ጽዋ የምንጠጣ የማኅበር አባላት ነን፤ ከመካከላችን አዋላጅ ነርሶች አሉ። ይህን ምስክርነት የምንሰጠው በእህታችን ፈቃድ ነው፤ ስሟን ግን አንጠራም።

በአምስተኛ ወር እርግዝናዋ፣ በክትትል ላይ፣ ሄፓታይተስ ቢ ተገኘባት፤ ሰው የጉበት ቫይረስ የሚለው ነው። ከዚያ ወዲህ ጽዋው ሲደርሳት «ጠጥቻለሁ» እያለች ታሳልፈው ጀመር። እናንተንም አስይዛለሁ ብላ ነው። ይህ ፍርሃት የብዙ እናቶች ስለሆነ በግልጽ እንናገር፦ ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው። በአንድ ጽዋ መጠጣት፣ ከአንድ ትሪ መብላት፣ መጎራረስ አያስይዝም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን ለየብቻ ይሁን።

ጸሎት ያዝን። የለመንነው አንድ ነገር ነው፤ ልጁ ነጻ ሆኖ እንዲወለድ። ጸበልም ትጠጣ ነበር። ኋላ ሐኪም ያዘዘላትን ክኒን ተይው ያሏት ነበሩ፤ የንስሐ አባቷ ግን ሁለቱንም እንድትይዝ አዘዟት።

የጉበት ምርመራዋ ደህና ነበር፤ የቫይረሱ መጠን ግን በሚሊ ሊትር ደም ከ200,000 ዩኒት አልፏል። ከዚህ በላይ ሲሆን ሕፃኑ ሲወለድ የሚወጋው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ብቻውን ላያድነው ይችላል። ስለዚህ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ የቫይረሱን መጠን የሚያወርደው ክኒን ቴኖፎቪር፣ 300 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ፍሬ፣ ታዘዘላት። ከዚያ በፊት ኩላሊቷና ኤችአይቪ ተመርምረዋል፤ ኤችአይቪ ካለ ይህ ክኒን ብቻውን አይበቃምና። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ቫይረሱ ሳይወርድ ምጥ ይቀድመዋል። እንዳትረሳው ማታ ከራት ጋር ትወስደው ነበር።

ትልቁ ሥራ የመጀመሪያዋ ቀን ናት። በወሊድ ጊዜ ቫይረሱ ከያዛቸው ሕፃናት ከአሥሩ ዘጠኙ ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ፤ ክትባቱ በ24 ሰዓት ውስጥ መሰጠት ያለበት ለዚህ ነው። የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፦ ምጥ በእሑድ ወይም በበዓል ይመጣል፣ ክትባቱ የለም ይባላል፣ ቀኑ ያልፋል። እኛ በስምንተኛው ወር የምትወልድበት ቦታ ሄደን ጠየቅን፤ አልነበረም። ከሌላ ቦታ ተገዝቶ በጤና ተቋሙ ማቀዝቀዣ ተቀመጠላት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። ሲጓጓዝ በቀጥታ በረዶ ላይ አይደረግም፤ በረዶ ከሠራ ጠርሙሱ ደህና ቢመስልም ክትባቱ ከጥቅም ውጭ ነው።

ምጧ እሑድ ሌሊት መጣ። ማርያም ማርያም ስንል ነጋ፤ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሕፃኗ በተወለደች በሦስተኛው ሰዓት ክትባቱን ጭኗ ላይ ተወጋች። ጡትም ወዲያው ያዘች፤ ማጥባት አይከለከልም፣ ክኒኑም አያስጥለውም። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ፔንታቫለንት የሚባለው፣ ሄፓታይተስ ቢን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከለው ክትባት ተከተለ፤ በመካከሉ 80 ቀን ሞልቶ ክርስትና ተነሣች።

እናትየው ልጅቷን ቶሎ ለማስመርመር አንድ ወር አልታገሠችም ነበር፤ እኛ ነን የያዝናት። ትክክለኛው ጊዜ ከ9 እስከ 12 ወር ነው፤ ከዚያ በፊት የሚገኘው ውጤት ያሳስታል። በዘጠነኛው ወር ተመረመረች፦ ቫይረሱ ኔጌቲቭ፣ በደሟ ያለው የመከላከያ አቅምም ከሚፈለገው 10 ሚሊ ዩኒት በሚሊ ሊትር በላይ። ወረቀቱ በ21 ማኅበሩ መካከል ተነበበ። እልል አልን። ጽዋው ሲደርሳት በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ጠጥታም ለጎረቤቷ አቀበለች።

ምስክርነት እውነት መሆን አለበትና ይህንም እንጨምር፦ የእርሷ ቫይረስ አልጠፋም። ክኒኑን ያቆመችው ሐኪሟ ሲፈቅድ ነው፤ ሲቆም ጉበት ሊቆጣ ስለሚችል ምርመራዋን አላቋረጠችም። ባሏ ተመርምሮ ነጻ ሆኖ የመከላከያ ክትባቱን ሁለት መርፌ ወስዷል፤ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር ነው። ነፍሰ ጡር ሆና ዓይኗ ቢጫ ያለባት፣ ሽንቷ የጠቆረ፣ ወይም ከቀኝ ጎድኗ ሥር የሚያማት ከራስ ምታት ጋር ከሆነ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ትሂድ፤ መተኮስና ሥራ ሥር ጊዜዋን ይበሉባታል።

ስለቷ ጃንጥላ ነበር። ለኅዳር ጽዮን አስገባች።