ኩሽኔታ ውሃ አይወድም

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ወጣት ማእከል አስተባባሪ ሆኜ ስሠራ 12 ስኬትቦርድ በእርዳታ መጣልን። የታሰቡት ለሊስትሮዎች፣ ለተፈናቃይ ልጆችና ጎዳና ለሚውሉት ነበር። ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በፈረንጆች 2007 ካቡል ላይ ስለተጀመረው፣ ልጆችን ስኬትቦርድ ስለሚያስተምረው ስኬቲስታን አንብቤ፣ እዚያ ስኬት የተማሩ ልጆች መልሰው አስተማሪ እንደሚሆኑ ስላየሁ «ወጣቶች ይመራሉ» የሚል ምዕራፍ ሁሉ አስገብቼበታለሁ። አሳምሬ ነበር የጻፍኩት።

ነሐሴ ላይ ጎብኚዎች ሊመጡ ሆነ። ቦርዶቹ ጭቃ በጭቃ ናቸው። ዓርብ ማታ «ጎማውን ጭምር በኦሞ እጠቡልኝ» አልኩ። መናኸሪያ አካባቢ ጫማ የሚጠርግ፣ አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ኩሽኔታ ውሃ አይወድም» አለኝ።

«አንተ ዝም ብለህ እጠብ።»

አጠበ። እኔም እርጥቡን ስቶር አስገብቼ ቆለፍኩበት። የደብረ ብርሃንን ክረምት የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ይገምታል። ሰኞ ስከፍተው ጎማዎቹ አይዞሩም፤ በግድ ሲዞሩም ሲጥ ሲጥ ይላሉ። አንድ ቦርድ 4 ጎማ፣ አንድ ጎማ 2 ኩሽኔታ አለው፤ ባጠቃላይ 96 ኩሽኔታ ዝጓል። ይባስ ብዬ «ማነው እንዲህ የዘፈዘፈው?» ብዬ ጮህኩ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና አቀረቀረ። ያን ጊዜ ቢመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።

ለካ ሊስትሮ ከመሆኑ በፊት ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ አቀባይ ነበር። በ13 ቁልፍ ጎማዎቹን ፈታ፣ የኩሽኔታውን ሽፋን በመርፌ አነሳ። ቤንዚን ለልጅ እጅ መስጠት ስላልወደድኩ ዘፍዛፊው እኔ ሆንኩ፣ አዛዡ እሱ። «ገና ነው ጋሼ፣ አልጠራም» እያለ ሦስቴ አስደገመኝ። አድርቀን የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ጠብ አደረግንበት። 70 ያህሉ ዳኑ። ለቀሩት መኪና ጋራዥ ብንዞር የሚገኘው ሁሉ ትልልቅ ነው፤ የኛ የውጭ ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጥቂቱን ራሱ ከሞተር ጠጋኝ ቤት፣ ከተቃጠለ ግራይንደር ውስጥ አስፈትቶ አመጣ።

ጎብኚዎቹ ሲመጡ 8 ቦርድ ብቻ ይሄድ ነበር። «ጥገናውን ማን ይሠራል?» ሲሉ ወደሱ ጠቆምኩ፤ ማን እንዳበላሸው ግን አልጠየቁኝም፣ እኔም አልተናገርኩም።

የስቶሩ ቁልፍ አሁን እሱ ጋ ነው። በሩ ላይ በካርቶን ጽፎ ለጥፏል፦ «ቦርድ በውሃ ማጠብ ክልክል ነው። ጋሼም ቢሆኑ።»