ማገጃው በተነሳ ቁጥር ቆጠራው የሚጠፋበት ፓርኪንግ

ሞዴሉ አራት መጫወቻ መኪና የሚይዝ ፓርኪንግ ነው። አንድ አርዱዪኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ)፣ በሩ ላይ በኢንፍራሬድ ጨረር መኪና የሚለዩ ሁለት አይአር ሴንሰሮች፣ ማገጃውን የሚያነሳ ኤስጂ90 ሰርቮ (ትንሽ ሞተር)፣ ክፍት ቦታ የሚያሳይ 16 በ2 ኤልሲዲ ስክሪን አለው። ማቆሚያዎቹ ላይ ሴንሰር የለም። የውጪው ሴንሰር ቀድሞ የውስጡ ከተከተለ መኪና ገባ፣ በተቃራኒው ከሆነ ወጣ ይባላል። ለዚህም ሁለቱ ሴንሰሮች ከመኪናው ርዝመት ባነሰ ርቀት መተከል አለባቸው፤ 7 ሴንቲሜትር ለሚሆን መጫወቻ መኪና ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ይበቃል።

ለጎብኚ ሊቀርብ ሲል ችግሩ ታየ። ሁለት መኪኖች ውስጥ ቆመው ሦስተኛው ሲመጣ ማገጃው ይነሳል፣ ስክሪኑ ለቅጽበት ይደበዝዛል፣ ከዚያ «ክፍት ቦታ 4» ይላል። ጥፋቱ መጀመሪያ የተፈለገው ኮዱ ውስጥ ነው፤ ብዙ መስመር ተቀያየረ፣ ለውጥ ግን አልመጣም። ቦርዱ ላይ ግን ማስረጃ ነበር፤ ማገጃው በተነሳ ቁጥር «ኤል» የተጻፈበት ትንሽ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል። ይህ ቦርዱ ሪሴት ማድረጉን፣ ማለትም እንደ አዲስ መጀመሩን ያሳያል። ኃይል የሚያመጣው የሰርቮው ቀይ ሽቦ ተነቅሎ መኪኖች ሲያልፉ ቆጠራው አልተዛባም።

ሰርቮው ኃይል ይወስድ የነበረው ከቦርዱ 5 ቮልት ነው። ኤስጂ90 ሲነሳ ወይም ክንዱ ሲያዝ ከ500 ሚሊአምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፤ የኡኖ የዩኤስቢ ፊውዝ ደግሞ ለ500 ሚሊአምፔር የተሠራ ነው። ቀጭንና ረጅም ገመድ ሲጨመርበት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቦርዱ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው ላይ ያለው ቆጠራም ይጠፋል።

መፍትሔው ለሰርቮው የራሱ 5 ቮልት፣ 2 አምፔር ቻርጀር መስጠት ነው። የቻርጀሩና የቦርዱ ግራውንድ (የኔጌቲቭ መስመር) ግን የግድ ይገናኙ፤ ካልተገናኙ ሰርቮው ይንቀጠቀጣል። 470 ወይም 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅም ክፍል) ሰርቮው አጠገብ ይግባ፣ ነጭ መስመር ያለበት እግሩ ወደ ግራውንድ። ባለ 9 ቮልት አራት ማዕዘን ባትሪ ለዚህ ሥራ አይመከርም፤ የሚፈለገውን አምፔር አይሰጥም። ማገጃውን ደግሞ ከ0 ይልቅ ከ10 እስከ 90 ዲግሪ ማንቀሳቀስ ይሻላል፤ ጫፍ ላይ የተገታ ሰርቮ እያጉረመረመ ሳያቋርጥ ኃይል ይበላል።

ሪሴቱ ሲቆም ሌላ ጣጣ ቀረ፤ ሞዴሉ መስኮት አጠገብ ሲቀመጥ በሩ መኪና ሳይመጣ ይከፈታል። የፀሐይ ብርሃን ኢንፍራሬድ የሞላበት ስለሆነ ርካሹ ሴንሰር ከራሱ ጨረር አይለየውም። ተቀባዩ ላይ 2 ሴንቲሜትር ጥቁር የካርቶን ቱቦ ማልበስና የሴንሰሩን ማስተካከያ ብሎን ሞዴሉ በሚታይበት ቦታ ብርሃን ማስተካከል ያስፈልጋል። ጥቁር መኪና ጨረሩን ስለሚውጥ ጎኑ ላይ ነጭ ወረቀት ይለጠፍበት።

መብራት ሲጠፋም ቆጠራው እንዲቆይ ከተፈለገ ኃይል ሲቋረጥ የማይረሳው የቦርዱ ማህደረ ትውስታ፣ ኢኢፕሮም፣ ላይ ይጻፍ፤ ግን ቁጥሩ ሲቀየር ብቻ። እያንዳንዱ ባይት የተረጋገጠለት ለ100,000 ያህል መጻፍ ነው፤ ሉፑ (ተደጋግሞ የሚሠራው የኮዱ ክፍል) ውስጥ ያለማቋረጥ ከተጻፈ በደቂቃዎች ያልቃል።