ለደሴ ጉም የሚሆን የጉዞ ፎጣ

ለእግር ጉዞና ለድንኳን አዳር ፎጣ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ውሃ በደንብ ይመጥጥ እንደሆነ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ደሴ ላይ ለሚኖርና ከዚህ ተነሥቶ ወደ ጦሳ፣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ጉጉፍቱ ደጋ ለሚወጣ ሰው ከዚያ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ፎጣው በእጅ ተጠምዝዞ ከተጨመቀ በኋላ ምን ያህል ውሃ ይዞ ይቀራል የሚለው ነው። እኔ ፎጣ የምመርጠው በዚህ መለኪያ ሲሆን፣ ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ውሃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ከጨርቅ እንዲለቅ ሙቀት ይፈልጋል፤ ለአንድ ግራም ውሃ 2400 ጁል ያህል ማለት ነው። ይህን ሙቀት ከፀሐይ፣ ከአየሩ ወይም ከሰው ገላ ካላገኘ እዚያው ጨርቁ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ሁለት ፎጣዎች አንድ ገመድ ላይ ጎን ለጎን ቢሰጡ ቀድሞ የሚደርቀው ሲሰጣ ጥቂት ውሃ የያዘው ነው። የጥጥ ክር ውሃን በላዩ ብቻ ሳይሆን ወደ ውስጡም ያስገባል፤ ደረቅ የሚመስለን የጥጥ ልብስ እንኳ በተለመደው አየር ከክብደቱ 7 ወይም 8 በመቶ የሚሆን እርጥበት ይዞ ይኖራል። ፖሊስተር በዚያው አየር የሚይዘው ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ማይክሮፋይበር የሚባለው ፎጣ ደግሞ እጅግ ከቀጠነ የፖሊስተርና የናይለን ክር የሚሠራ በመሆኑ፣ ውሃውን በአብዛኛው የሚይዘው በክሮቹ መካከል ባሉት ጠባብ ክፍተቶች ነው። በክፍተት የተያዘ ውሃ ደግሞ ሲጠመዘዝ ይወጣል። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ጥምዘዛውን የዘለለ ሰው ጥቅሙን አብዛኛውን አጥቶታል።

አካባቢያችን ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳያል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ ሐረጎን ቁልቁል ወርደን የምናገኛት፣ ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ላይ በበጋ ከሰዓት የተሰጣ ማንኛውም ስስ ጨርቅ ይደርቃልና እዚያ ፎጣ መምረጥ ብዙ አያስጨንቅም። ደሴ ላይ በሐምሌና በነሐሴ ግን ጉሙ ወርዶ ቤቱንም ገመዱንም ሲሸፍን፣ አየሩ ራሱ በእርጥበት ስለሚሞላ ከጨርቁ ተጨማሪ ውሃ የሚቀበልበት አቅም የለውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ወፍራም የጥጥ ፎጣ በማግሥቱም እርጥብ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው የሻጋታ ጠረን ደግሞ በሻንጣው ውስጥ ያለውን ልብስ ሁሉ ይይዛል። ለጉዞ የሚሆን ፎጣ መመዘን ያለበት በኮምቦልቻ ፀሐይ ሳይሆን በደሴ ጉም ነው የምለው ለዚህ ነው።

ክብደትን በተመለከተ ማሸጊያው ላይ «ቀላል» ተብሎ በተጻፈው ቃል ብቻ መተማመን አያስፈልግም። የፎጣ ውፍረት የሚለካው በግራም በካሬ ሜትር ሲሆን፣ ለቤት የሚሆኑት ወፍራም የጥጥ ፎጣዎች 500 እና ከዚያም በላይ ይሆናሉ፤ ለጉዞ የሚሠሩት ማይክሮፋይበሮች ግን ብዙውን ጊዜ 200 አካባቢ ናቸው። ስፋቱ 70 በ140 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ 500 ግራም ፎጣ ገና ሳይረጥብ ግማሽ ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በዚያው ስፋት ባለ 200 ግራሙ ከ200 ግራም አይበልጥም። ቁጥሩ ካልተጻፈበት ራስን ችሎ ማስላት ይቻላል። ደሴ ላይ በርበሬና ቡና የሚመዝን ሚዛን የሌለው ሰፈር የለምና፣ ፎጣውን አስመዝኖ ክብደቱን በስፋቱ ማካፈል ብቻ ነው። ሲካፈል ከ300 በላይ ከመጣ እኔ አልገዛውም።

ከክብደቱ ቀጥሎ የሚታየው የጨርቁ ስሪት ነው። ጥሩዎቹ ብዙ ጊዜ 80 በመቶ ፖሊስተርና 20 በመቶ ናይለን ናቸው፤ ናይለኑ በአንዳንድ ምልክቶች ላይ ፖሊአማይድ ተብሎ ይጻፋል። ማይክሮፋይበር ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ግን እኩል አይደለም፤ ክሩ በአሠራሩ ወቅት በደቃቁ ካልተሰነጠቀ ውሃን ገላ ላይ ወዲያና ወዲህ ይገፋል እንጂ አይመጥጥም። ይህን ለማወቅ ባለሱቁን አስፈቅዶ ከያዙት የውሃ ፕላስቲክ አንድ ሁለት ጠብታ ጫፉ ላይ ማንጠብጠብ ይበቃል። ጠብታው ወዲያው ከጠፋ መልካም ነው፤ ድቡልቡል ሆኖ ላዩ ላይ ከተንከባለለ መተው ይሻላል። በእጅ ሲዳሰስም የተሰነጠቀው ክር ሸካራ የሆነውን የጣት ቆዳ ያዝ ያዝ ያደርጋል። ፒያሳ አካባቢ አንድ ባለሱቅ ይህን ሙከራ ሳደርግ አይተው፣ «እሱ የመኪና መጥረጊያ ነው ልጄ፤ ለገላ የሚሆነውን ላውጣልህ» ብለው ከውስጥ ለስለስ ያለውን አመጡልኝ። የመኪናው ጨርቅም ውሃ በመምጠጥ አይታማም፤ ጉጥጉጡ ፀጉርና ሣር ስለሚሰበስብና ከለስላሳው ይልቅ ብዙ ውሃ ስለሚያስቀር ነው ለጉዞ የማይመከረው።

ስለ ሽርጥ ሳልናገር ባልፍ ወሎዬነቴን እንደዘነጋሁ ይቆጠርብኛል። ስስ የጥጥ ሽርጥ ጉጥ የሌለው ዝርግ ሽመና በመሆኑ፣ ክሩ ጥጥ ቢሆንም የሚይዘው ውሃ ከወፍራም ፎጣ እጅግ ያነሰ ነው፤ ቱርኮች በገላ መታጠቢያ ቤቶቻቸው የሚጠቀሙበት ፔሽተማል የሚባለው ጨርቅም በዚሁ መንገድ የሚሸመን ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴና ወደ ባቲ ለሚወርድ ሰው ከዚህ የተሻለ የጉዞ ፎጣ አላውቅም፤ ይታገለዳል፣ በፀሐይ ራስ ላይ ይጣላል፣ ሌሊት ይለበሳል፣ ልብስ ለመቀየር ይጋርዳል፣ ገላን ያደርቃል። እንደ ማይክሮፋይበርም የላብ ቅባት በቀላሉ አይዝም፤ የፖሊስተር ክር ቅባትና ጠረን የመያዝ ባሕርይ አለውና በየጊዜው በሳሙና ካልታጠበ ይሸታል። ሽርጡ የሚሸነፈው በደጋ ነው። ጉጉፍቱ ላይ በእርጥብ ጥጥ መጠቅለል ብርድን መጋበዝ ነውና፣ ለዚያ ጉዞ ማይክሮፋይበሩን እመርጣለሁ።

የመጠን ነገር የብዙ ሰው ሐሳብ የሚለያይበት ነው። እኔ አንድ ትልቅ ከመያዝ ሁለት ትናንሽ መያዝን እመርጣለሁ፤ 50 በ100 የሆነውን ለገላ፣ 40 በ40 የሆነውን ለፊትና ለእጅ። አብረውኝ ከሚጓዙት ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸውና በየሶላቱ ውዱእ ሲያደርጉ በቀን አምስት ጊዜ ፊት፣ እጅና እግር ይደርቃል፤ ይህ ሁሉ በዋናው ፎጣ ላይ ከሆነ የሚደርቅበት ሰዓት አያገኝም። ትንሿ ፎጣ ግን በቦርሳው ጀርባ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተይዛ እየተጓዘች ትደርቃለች። ማንጠልጠያ ቀለበት ያለው ፎጣ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው።

ፎጣው ቦርሳው ሥር ተቀብሮ እንዳይቀመጥ የምመክርበት ሌላም ምክንያት አለ። በአገራችን ብዙ ወንዞችና ሐይቆች ዳር ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። እንዲህ ባለ ውሃ ውስጥ ድንገት ለአጭር ጊዜ የገባ ሰው ወዲያው ገላውን ጠንከር አድርጎ ቢያደርቅ ጥገኛው በቆዳው የመግባት ዕድሉ ሊቀንስ ይችላል። ዋስትና ግን አይሆንም፤ ዋናው መከላከያ እንዲህ ያለውን ውሃ መራቅ ነው።

አሰጣጡን በተመለከተ፣ ፎጣውን ከመጠቀም በፊት በገላ ላይ ያለውን ውሃ በመዳፍ ጠርጎ ማውረድ ሥራውን በእጅጉ ያቃልላል። ከዚያም ፎጣው በደንብ ተጠምዝዞ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰጣል፤ ጤዛ ሳይወርድበት ከመሸ በፊት ይሰበሰባል። ድንኳን ውስጥ ማንጠልጠል አይጠቅምም፤ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ ሌሊቱን ሙሉ አየሩን ስለሚያረጥበው ፎጣው ጠዋት ከማታው ብዙም አይሻልም።

ማይክሮፋይበር በልብስ ማለስለሻ አይታጠብም፤ ማለስለሻው ክሩን ሸፍኖ መምጠጡን ያጠፋዋል። በካውያም አይተኮስም። ከነጠላና ከጋቢ ጋር አብሮ ከታጠበ ብናኛቸውን ሁሉ ስለሚሰበስብ ለብቻው ማጠብ ይሻላል። ሲታጠብ ራሱም ደቃቅ የፕላስቲክ ብናኝ ይለቃል፤ በዚህ ምክንያት ሐይቅ ዳር የሚሰፍሩ ወገኖቼ ፎጣቸውን በሳሙና እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳያጥቡ አጥብቄ እለምናለሁ። ከጊዜ በኋላ መምጠጡ ከቀነሰ ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ኮምጣጤ ዘፍዝፎ ደጋግሞ ማለቅለቅ አብዛኛውን ጊዜ ይመልሰዋል፤ ካልመለሰው ለጫማና ለድንኳን መጥረጊያ ይሆናል።