ጥፋቱ 68ኛው መስመር ላይ ነበር

ዛሬ ከቢሮ የወጣሁት መሽቶ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል በቸርችል ጎዳና እስከ ለገሃር በእግሬ ወረድኩ። ታክሲ መሳፈር አላሰኘኝም። ጋሼ ጠዋት ያሉኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ጋሼ የቢሯችን ሒሳብ ሹም ናቸው። ፕሮግራመር አይደሉም። የደመወዝ ሕጎቹን ግን ራሳቸው ይጽፋሉ፣ እኔ በሠራሁላቸው ትንሽ ቋንቋ። ስሞቹ ሁሉ በአማርኛ ናቸው፤ አበል፣ ቅጣት፣ ትርፍ ሰዓት። የጻፉትን የእኔ ፕሮግራም ሲ ወደሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይገለብጠዋል፣ ከዚያ ጂሲሲ የሚባለው ኮምፓይለር ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም ይቀይረዋል። ጂሲሲ ማስጠንቀቂያ ካወጣ የመስመር ቁጥሩን እወስድና መልእክቱን በአማርኛ አሳያቸዋለሁ።

ትናንት ከሰዓት ይህ ወጣላቸው፦ «84ኛ መስመር፦ ይህ ንጽጽር ሁልጊዜ እውነት ነው።»

84ኛውን መስመር ከፈቱ። እውነትም እዚያ ንጽጽር አለ፣ የትርፍ ሰዓት ሕግ ነው። ከመመሪያው ጋር አስተያዩት። ልክ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ችግር አለ ብሏል። ሦስት ሰዓት ያህል ሲታገሉ ቆዩና «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» የሚለውን «ይበልጣል» አደረጉት። ማስጠንቀቂያው አልጠፋም።

ጠዋት ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። «ልጄ፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ ወይስ እሱ ነው የተሳሳተው?»

«እሱ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ዋሽቻለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ጥፋቱ 68ኛው መስመር ላይ ነበር። አበል ከዜሮ በታች ሊሆን የማይችል ቁጥር ተደርጎ ተመዝግቧል። እዚያ መስመር ላይ ደግሞ «አበል >= 0» ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ ሁልጊዜ አዎ ነው። ጂሲሲ ያለው ትክክል ነው፤ ቦታው ነው የጠፋው።

እንዴት ጠፋ? በሲ ውስጥ «ላይን» የሚባል መመሪያ አለ። ኮዱን የሚጽፈው ሌላ ፕሮግራም ሲሆን «ከዚህ በታች ያለው የዚያኛው ፋይል 60ኛ መስመር ነው» ብሎ ለኮምፓይለሩ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ኮምፓይለሩ ራሱ ይቆጥራል፤ 61፣ 62 እያለ። እኔ መመሪያውን የማስቀምጠው በየሕጉ መጀመሪያ ላይ ብቻ ነበር። የጋሼ አንድ መስመር ግን በሲ ሦስት መስመር ይሆናል። ሕጉ የሚጀምረው 60 ላይ ነው። 68 ከዚያ ስምንት መስመር ይወርዳል። ስምንት በሦስት 24፤ 60 ሲደመር 24፣ 84። 84 ደግሞ ቀጣዩ ሕግ ውስጥ ነው።

ቁጥሩ ከየትም የመጣ አልነበረም። የሌላ ካርታ ቁጥር ነው። እናቴ አሁንም ሰው የምትመራው በድሮው ፒያሳ ነው። «ከወርቅ ቤቶቹ አለፍ ብለህ» ትላለች። በ2016 ዓ.ም. ያ ሁሉ ከፈረሰ ወዲህ እሷን ሰምቶ የሚሄድ ሰው ባዶ ቦታ ላይ ይቆማል። እሷ ጋ ግን መንገዱ አሁንም አለ።

ማስጠንቀቂያው ከነጭራሹ ባይወጣ ኖሮ ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ጋሼ ልክ የሆነውን ሕግ አይነኩትም ነበር። ደመወዙ ከመሠራቱ በፊት ባናየው ኖሮ የስንት ሰው ትርፍ ሰዓት ይጎድል ነበር። ሰው የተጠቆመበትን ነው የሚያየው። ሌላ ቦታ ለመፈለግ ምክንያት የለውም።

መጀመሪያ መመሪያውን ከእያንዳንዱ መስመር በፊት አስገባሁ። መስመሩ ተስተካከለ። ኮለሙ፣ ማለትም መስመሩ ውስጥ ስንተኛው ቦታ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር፣ ግን አልሆነም፣ ምክንያቱም ጂሲሲ የሚቆጥረው በሲው ፋይል ውስጥ ነው፤ ያ ለጋሼ ምንም አይነግራቸውም። ስለዚህ ይህን ምርመራ ወደ ራሴ ፕሮግራም አመጣሁት።

እዚያም ሌላ ነገር ጠበቀኝ። ማስጠንቀቂያውን ስጽፍ «አሁን የት ነህ?» ብዬ የምጠይቀው ፊደል የሚያነበውን ክፍል ነበር። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቃል ይቀድማል። ንጽጽሩ ማለቁን ለማወቅ ቀጣዩን ቃል ማንበብ አለበት፣ ቀጣዩ ቃል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መስመር ላይ ነው። ስለዚህ 69 አለኝ።

ቦታ በኋላ ተፈልጎ አይገኝም። ቃሉ ሲነበብ ያኔውኑ አብሮት መያዝ አለበት። አሁን እያንዳንዱ ቃል የተነሳበትንና ያበቃበትን ባይት (ፋይል የሚለካባት ትንሿ ቁራጭ) ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ሁለት ነገሮች ሲጣመሩ መነሻው ከመጀመሪያው፣ ማብቂያው ከመጨረሻው ይወሰዳል። መስመርና ኮለም የሚሰላው መልእክቱ ሲታተም ብቻ ነው። ክላንግ የሚባለው ኮምፓይለርም እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ለአንድ ቦታ የሚይዘው አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር ነው።

ከዚያ ወደ ፊደላችን ደረስኩ። ብዙ የቆየሁትም እዚህ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፋይል አጻጻፍ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል። «አበል >= 0» በሚለው መስመር ላይ ምልክቱ ያለው 5ኛው ቦታ ላይ ነው። በባይት ከተቆጠረ ግን 11ኛ ይሆናል። መስመሩ በሙሉ ስምንት ቦታ ብቻ ነው ያለው! ጂሲሲ ራሱ ኮለምን በባይት መቁጠር ትቶ ስክሪን ላይ በሚታየው ስፋት መቁጠር የጀመረው በ11ኛው እትሙ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021። ኤዲተሮች፣ ማለትም ኮድ የሚጻፍባቸው ፕሮግራሞች፣ የሚግባቡበት ፕሮቶኮል ደግሞ ሌላ ነው፤ እንደ ልማዱ ዩቲኤፍ 16 በሚባል ሌላ አጻጻፍ ይቆጥራል። በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ለሚጽፍ ሰው ሦስቱም አንድ ናቸው። ለጋሼ አይደሉም።

በፊደል ቆጠርኩት፣ 5 አለኝ። ከሥሩ ያሰመርኩት ቀስት ግን አሁንም ትንሽ ይንሸራተታል። የእኛ ፊደላት በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ከላቲኖቹ ሰፋ ብለው ነው የሚታዩት። ፎንቱን እኔ አልወስነውም። ስለዚህ ቀስቱን ትቼ የተገኘውን ጽሑፍ ራሱን መልእክቱ ውስጥ አስገባሁት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጋሼን ጠራኋቸው። ሳይሄዱ ጠብቀውኛል። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፦ «68ኛ መስመር፦ ‹አበል >= 0› ሁልጊዜ እውነት ነው።»

ወደ 68ኛው ወረዱ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «አሃ፣ እዚህ ነው እንዴ» አሉ። ከዜሮ በላይ ማለት ፈልገው ኖሯል፤ እኩል ምልክቷን አጠፏት። ማስጠንቀቂያው ጠፋ።

ያኔ ጠዋት መናገር የነበረብኝን ነገርኳቸው። ስህተቱ የእኔ እንደነበር፣ ቁጥሩ ለምን 84 እንዳለ። ዝም ብለው አዳመጡኝ።

«ታዲያ 84ኛውን ልመልሰው?»

«አዎ ጋሼ፣ እንደነበረው ይመለስ።»