ማግኔቶው እና አውራ ጣቴ

እንደ መንጃ ፈቃድ መስሎኝ ነበር። የአውሮፕላን መካኒክነት ላይሰንሴን አሳያለሁ፣ አንድ ፈተና ቢጤ እፈተናለሁ፣ ተቀይሮ ይሰጠኛል ብዬ ነው አሜሪካ፣ ቨርጂንያ የገባሁት። አዲስ አበባ ስምንት ዓመት የጄት ሞተር ፈትቼ ገጥሜያለሁ። የሲቪል አቪዬሽን ላይሰንሴ በእጄ ነው። የሥልጠና ሰርተፊኬቶቼ ብቻ አንድ ክላሰር ሞልተዋል።

የኤፍ.ኤ.ኤ. (የአሜሪካ ሲቪል አቪዬሽን ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ኢንስፔክተር ላይሰንሴን ገልበጥ አድርጎ አየና በትህትና መለሰልኝ። ለካ እንደኔ ላለው ሰው መቀየር የሚባል ነገር የለም። የኤፍ.ኤ.ኤ. ሕግ የሚቆጥረው ወር ነው። ለሞተር 18 ወር፣ ለአውሮፕላኑ አካል 18 ወር፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ለሠራ ደግሞ 30 ወር የተግባር ልምድ። ልምዱን ካመነበት 8610-2 በሚባለው ቅጽ ላይ ይፈርማል። ያኔ ለፈተና መቀመጥ ትችላለህ። ፈተናውን ደግሞ ከዜሮ ነው የምትጀምረው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤዬን አነበበ። የኛን አገር ደብዳቤ ታውቁታላችሁ፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በቴክኒሺያንነት በመልካም ሥነ ምግባር አገልግለዋል ይላል።

«እሺ፣ ምን ምን ሠራህ?» አለኝ።

ሥነ ምግባሬን አልጠየቀኝም። ደግነቱ የሠራኋቸው ሥራዎች በቀንና በፊርማ የተመዘገቡበትን ሎግቡክ ይዤ ነበር። አንድ በአንድ አገላበጠው። ሞተር፣ ሞተር፣ አሁንም ሞተር። ላንዲንግ ጊር (የማረፊያ ጎማው) የለም፣ ክንፍ የለም። ለሞተሩ ብቻ ፈረመልኝ። ተናድጄ ወጣሁ። አሁን ሳስበው ግን ሰውየው ትክክል ነበር።

ማታ ማታ መኪና ማቆሚያ እሠራ ስለነበር ጥናቴን እዚያችው ዳስ ውስጥ ጨረስኩት። የጽሑፉ ፈተና ሁለት ነው፤ የጠቅላላ እውቀቱ 60 ጥያቄ፣ የሞተሩ 100 ነበር፤ ማለፊያው 70 በመቶ። ሁለቱንም በጥሩ ውጤት አለፍኩ። እንግዲህ ልቤ አበጠ።

ከዚያ የቃልና የተግባር ፈተና መጣ። ፈታኙ ስለ ጄት ሞተር ሲጠይቀኝ ከአፉ እየነጠቅሁ ነው የመለስኩት። ቀጥሎ ወደ አንድ ያረጀ ባለ ፒስቶን ሞተር ወሰደኝና «ማግኔቶውን ታይሚንግ አስገብተህ ግጠምልኝ» አለኝ።

ማግኔቶ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ ነው፤ ታይሚንግ ማስገባት ደግሞ ብልጭታው በሰዓቱ እንዲመጣ ማስተካከል። እኔ በመጽሐፍ ነው የማውቀው። ጄት ሞተር ብልጭታ የሚፈልገው በመሠረቱ ሲነሳ ነው። አንዴ ከተቀጣጠለ እሳቱ ራሱን ይዞ ይቀጥላል። ባለ ፒስቶኑ ግን እያንዳንዱ ሲሊንደር በየዑደቱ፣ በሰዓቱ ብልጭታ ይፈልጋል። ላይሰንሱ ላይ «ሞተር» ሲሉ ሁለቱንም ማለታቸው ነው።

ማኑዋሉን ከፈትኩ። ፒስቶኑ ጫፍ ሊደርስ 25 ዲግሪ ሲቀረው ይላል። ፕሮፔለሩን አዞርኩ፣ ምልክቱ ከምልክቱ ጋር ገጠመ፣ ማግኔቶውን አስገባሁ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ። የመፈተሻዋ መብራት በርታ ድርግም አለች። ፊቴ ላይ ፈገግታ ሳይታይ አልቀረም።

ፈታኙ «አውራ ጣትህ የት ነበር?» አለኝ።

አልገባኝም። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ያ ምልክት በአንድ ሙሉ ዑደት ሁለት ጊዜ ይገጥማል፤ አንዴ ፒስቶኑ ነዳጅና አየሩን ሲያምቅ፣ አንዴ ጭሱን ሲያስወጣ። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፈትተህ፣ ቀዳዳውን በአውራ ጣትህ ይዘህ፣ አየሩ ጣትህን ሲገፋው ነው። እኔ ማግኔቶውን የገጠምኩት በጭሱ ላይ ነበር። ያ ሞተር በዚያ አገጣጠም አይሠራም።

ወደቅሁ። በስምንት ዓመት ልምድ።

ሕጉ ከ30 ቀን በኋላ ድገም ይላል። ከዚያ በፊት ከፈለግህ ላይሰንስ ያለው ባለሙያ በወደቅህበት አስተምሮህ መፈረም አለበት። ምናሳስ ያለችው ትንሽ ኤርፖርት ሄጄ አንድ አዛውንት መካኒክ ለመንኩ። ሰባ ዓመት ሳያልፋቸው አይቀርም። መጀመሪያ ያሳዩኝ ቁልፍ አያያዝ አልነበረም። ማግኔቶ ከባትሪ ምንም እንደማይፈልግ ነበር። ራሱ ስለሚያመነጭ፣ ማጥፊያው በትክክል ካልሠራ ፕሮፔለሩን በእጅህ ስታዞረው ሞተሩ ሊነሳብህ ይችላል። ከዚያ በኋላ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። ጣቴ ቀዳዳው ላይ፣ ፕፍፍ ሲል ማቆም፣ እንደገና።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ፈታኙ ካንዴላውን ስፈታ ሲያይ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ።

የአካሉን 18 ወር እኚሁ አዛውንት ጋ በረዳትነት ሞላሁት። ላይሰንስ የሌለው ሰው ላይሰንስ ባለው ሰው ክትትል ሥር መሥራት ይችላል። ጨርቅ የለበሰ ክንፍ ያየሁት እዚያ ነው፤ አዲስ አበባ ላሉት ጓደኞቼ ፎቶውን ስልክላቸው ድንኳን መስሏቸው ሳቁብኝ።

ብቻዬን የፈረምኩት የመጀመሪያ ሥራ፣ እንዳጋጣሚ፣ የአንዲት ሴስና (ትንሽ አውሮፕላን) ማግኔቶ ነበር። የተሠራውን ሥራ ጻፍኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ፣ ስሜንና የላይሰንስ ቁጥሬን ልጽፍ እስክሪብቶዬን ሳነሳ ባለቤቱ «አለቀ?» አለኝ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ካንዴላውን እንደገና ፈታሁና አውራ ጣቴን ቀዳዳው ላይ አደረግሁ።